ጥሬ ፍግና የመጋላ አበባ

መጋላ ውስጥ ፍግ ጠፍቶ አያውቅም። ለቀልድ አይደለም። በጠዋት በቀፊራ ገበያ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ያለ ሰው የግመሉንም፣ የአህያውንም፣ የፍየሉንም ያያል፤ ሳይረግጥ ከተመለሰ ዕድለኛ ነው። ፍየሎቹማ የሰፈሩ ባለቤቶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጫት ተቅሞ ሲያበቃ የተረፈውን ገራባ ከመጥረጊያ ቀድመው የሚያጸዱልን እነሱ ናቸው። በላተኛው ብዙ፣ የሚወጣውም ብዙ። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍግ የት ይሄዳል? ገሚሱ መንገድ ላይ ተፈጭቶ ከአቧራው ጋር አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። ገሚሱ ተጠርጎ ደጫቱ አሸዋ ላይ ይደፋል። ጥቂቱ ደግሞ እንዳለ፣ ትኩሱን፣ በየግቢው አበባ ሥር ይቆለላል። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት በተለይ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ሰው በደግ ልብ አበባዬን ልመግብ ብሎ የሚገድለው በዚህ መንገድ ነውና።

በእኔ አመለካከት መጋላ ያጣችው ፍግ ሳይሆን ፍጉን የምታበስልበት ጥላና የሚያሳያት ሰው ነው። የሚያሳያት ሰው ደግሞ እኛ መሆን ነበረብን። የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ስለ ኮምፖስት እንማራለን፣ እንፈተናለን፣ ኤ እናገኛለን፤ ግን የተማርነው ኮምፖስት ሰፊ ማሳ ላለው፣ ክረምቱ ረዥም ለሆነ፣ አረሙ ለምለም ለሆነ የደጋ ገበሬ የተሰፋ ልብስ ነው። ለመጋላ ግቢ ይሰፋል።

ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ ተማሪዎች ትንሽ ላብራራ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደጫቱ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲያ ከዚራ፣ ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ፤ ወዲህ መጋላ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከፍ ያለ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ግቢ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሙቀቷን ማንም አይነግራችሁም፣ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። በመጋላ ግቢ ውስጥ የአትክልት ቦታ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ያለው የቀለም ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ሳፋ፣ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ በአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ነው። እዚያ ውስጥ ሪሃኑ፣ ጤና አዳሙ፣ ሂናው፣ ጽጌረዳው፣ ሴት አኩሪው ይበቅላል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። በማለዳ ውኃ የሚጠጣውም ከቤቱ ልጆች ቀድሞ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከአዲስ አበባ ዘመዳቸው አይሪስ ይዞላቸው መጣ። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቆመ፣ ሥሩ እንደ ዝንጅብል የወፈረ፣ አምስት ቁራጭ። በሐምሌ ዝናብ ተተከለ። ክብር ይገባዋል ብለው ከፍየሎቻቸው በረት ትኩሱን በጠጥ በሁለት ሳፋ አምጥተው ከላዩ አለበሱት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ከሥሩ ቢጫ ሆነ፤ ሲነኩት እንደ ላላ ጥርስ ተነቅሎ መጣ። የመሬት ውስጥ ግንዱ ገንፎ ሆኗል፣ ሽታው አያስጠጋም። እሳቸው የሰጡት ምክንያት አጭር ነበር፤ "ልጄ፣ የሰው ዓይን በላብኝ።"

"እማማ፣ ዓይን አይደለም፣ ፍጉ ነው" ብላቸው ሳቁብኝ። "ፍግ? እሱ ከሆነማ ያንን ሴት አኩሪ እንዲህ ያሳበጠው ማን ሆነና?" አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። እውነታቸውን ነው። አጠገቡ የቆመው ሴት አኩሪ ያንኑ ትኩስ በጠጥ በልቶ ቅጠሉ ጃንጥላ አክሏል። አንድ ዓይነት ፍግ አንዱን አሳብጦ ሌላውን ለምን ይገድላል? ይህ ጥያቄ በየትኛውም ፈተና ከቀረበልኝ ጥያቄ ይበልጥብኛል፤ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ።

ሴት አኩሪ እርጥበትና ብዙ ምግብ የሚወድ ተክል ነው። አይሪስ ግን፣ በተለይ ባለ ጢሙ ዓይነት፣ ምግቡን ራይዞም በምንለው ወፍራም የመሬት ግንዱ ውስጥ አጠራቅሞ ደረቁን ወራት የሚያልፍ ነው። ያ ግንድ ከአፈሩ በላይ ጀርባው ለፀሐይ ወጥቶ መተኛት ይፈልጋል፤ ሥሩ ብቻ ነው ወደ ታች የሚወርደው። በላዩ ላይ ትኩስ ፍግ ስንጭንበት ሦስት ነገር አንድ ላይ ይደርስበታል። ከፍጉ የሚወጣው አሞኒያና ጨው ለጋውን ሥር ያቃጥላል። የበዛው ናይትሮጅን ቅጠሉን በጥድፊያ ያሳድግና ሥጋው የላላ፣ ውኃ የሞላበት ይሆናል። ከላይ የለበሰው ፍግ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። ከዚያ በኋላ ፔክቶባክቴሪየም ካሮቶቮረም የሚባለው ባክቴሪያ ይገባል፤ በቆዩት መጻሕፍት ኤርዊንያ ካሮቶቮራ ተብሎ የምናውቀው፣ ድንችና ሽንኩርትን ጎተራ ውስጥ የሚያቀልጠው ያው ባለጌ ማለት ነው። ሴሎቹን ያያያዘውን ፔክቲን ይፈታዋል። ገንፎው የመጣው ከዚህ ነው።

በኛ ከተማ ላይ ደግሞ አንድ ይጨመርበታል። የድሬ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት፣ ነጩ ቅርፊት ይመሰክራል። አፈሩም የዚያው ዘመድ ነው፣ ወደ አልካሊነት ያደላል። በኖራ ውኃ ላይ የጥሬ ፍግ ጨው ሲታከልበት በጀሪካን ውስጥ ያለች ተክል መውጫ የላትም። የቅጠሏ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የሚሆነው ብዙ ጊዜ በውኃ ጥም አይደለም። ለዚህም ነው የምድጃ አመድ ለአበባ ጥሩ ነው የሚለው የደጋ ምክር እዚህ የማይሠራው። አመድ ለኮምጣጣ አፈር መድኃኒት ነው፤ ለኛ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

"ምነው ታዲያ አይሪስ? የፈረንጅ አበባ አይደለም እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ዘሩ በዱር በቅሎ ኢትዮጵያ ውስጥ አይገኝም፣ ልክ ነው። ቤተሰቡ ግን አለ። ግላዲዮለስ የአይሪስ ቤተሰብ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ የሆነው ሽታው የሚጣፍጠው ዝርያ በዓለም ገበያ ላይ የሚሸጠው የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ተብሎ ነው። ከኛ ተራራ የሄደውን አበባ ሆላንዶች አባዝተው በካርቶን ለዓለም ይሸጡታል፣ እኛ ስሙን እንኳ ለልጆቻችን አላስተማርንም! ነጩ አይሪስ፣ አይሪስ አልቢካንስ የሚባለው ደግሞ አገሩ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ሙስሊሞች በየሄዱበት በዘመዶቻቸው መቃብር ላይ እየተከሉት እስከ ሜድትራኒያን ዳርቻ ድረስ ደርሷል። የየመን ነጋዴ ለዘመናት በኖረባት መጋላ ይህ አበባ እንግዳ ነው ማለት ይከብደኛል። በርግጥ ከብርድ አገር የመጡት ባለ ጢም ዓይነቶች ለማበብ የክረምት ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ ድሬ ላይ ቅጠል ብቻ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ግላዲዮለስ ግን ይህን ያህል አያስቸግርም። እኔ አይሪሱን ያነሣሁት የጥሬ ፍግን ጥፋት ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳየን እሱ ስለሆነ ነው። ሴት አኩሪ ይዋሽልናል፤ አይሪስ አይዋሽም።

የአይሪስንና የኮምፖስትን ነገር አንድ ላይ ያየ ሰው በአገራችን ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሴ አዎ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በሚለው ታላቅ ሥራ ውስጥ የአይሪስ ቤተሰብ የሚገኝበት 6ኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታተም ከአዘጋጆቹ አንዷ ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። እኚሁ ሴት ከባለቤታቸው ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ጋር በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ኮምፖስት ሲያስተምሩ ኖረዋል። በየማሳው በተደረገው ንጽጽር በኮምፖስት የተዘራው እህል ከኬሚካል ማዳበሪያው እኩል፣ ብዙ ጊዜም በላይ እንደሚሰጥ ታየ። ሱ በ2010 ዓ.ም.፣ ዶክተር ተወልደ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የምርቱን ቁጥር ብቻ አይደለም። የዕፅዋትን ቅጠል በማጉያ መነጽር ስትቆጥር የኖረች ምሁር ገበሬው ጉድጓድ አጠገብ ቆማ ፍግ ማገላበጧን ነው። እኛ ዘንድ እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሁለት ዓይነት ሰው ናቸው።

ሆኖም የትግራዩ ዘዴ እንዳለ ተገልብጦ እዚህ አይመጣም። እዚያ ጉድጓዱ የሚሞላው ክረምቱ እንደወጣ፣ አረንጓዴው አረም በሞላበት ጊዜ ነው። መጋላ ውስጥ አረም የት አለ? በሌላ በኩል የደጋው ትልቁ ፈተና እበቱ ኩበት ሆኖ መቃጠሉ ነው፤ ማገዶ የሌለው ገበሬ ፍጉን ለአፈር ስጥ ቢሉት እንጀራውን በምን ይጋግር? መጋላ ግን በከሰል ነው የምትበላው፤ ፍጉ ተወዳዳሪ የለውም። ማንም ስለማይፈልገው ነው የሚጣለው። የደጋ ገበሬ ያላገኘውን ዕድል እኛ በእግራችን እየገፋን እናልፋለን።

ለመጋላ የሚሆነው እንዲህ ያለ ነው እላለሁ። የፍየል በጠጥ ከላም እበት በናይትሮጅን ይበልጣል፤ ግን ላዩ ደርቆ እንደ ጠጠር ስለሚሆን እንዳለ ቢከመር ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ሌሊት በውኃ ይነከርና በእግር ወይም በዱላ ይፈርፈር። ከዚያ ደረቅ ነገር ይፈልጋል፤ ከ25 እስከ 30 ካርቦን ለአንድ ናይትሮጅን የምንለው ሒሳብ በመጋላ ቋንቋ ሲተረጎም አንድ ሳፋ በጠጥ፣ ሁለት ሦስት ሳፋ ደረቅ ነገር ማለት ነው። ደረቁ ነገር ደግሞ በእጃችን ነው። ፍየል የማትበላው የገራባው እንጨት አለ፤ ተቆራርጦ ይግባ። ከታይዋን ገበያ በየቀኑ የሚወጣ ካርቶን አለ፤ ፕላስቲኩ ተልጦ፣ በውኃ ርሶ፣ ተቀዶ ይግባ። (ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል የሚለውን ስጋት አልንቀውም፤ ለዚህም ነው ይህን ኮምፖስት ለሰላጣ ሳይሆን ለአበባ የምመክረው።) ጉድጓድ መቆፈር የሚችል ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በጥላ ሥር ይቆፍር፤ በደረቅ አገር ጉድጓድ ከክምር ይሻላል፣ እርጥበት ይይዛል። ግቢው ሲሚንቶ የሆነበት ደግሞ በርሜል ወይም ማዳበሪያ ይጠቀም። አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቀኛል፤ ጆንያውን ማዳበሪያ ብለነዋል፣ ውስጡ ምን እንደነበረ ግን ረስተናል። ማዳበሪያ በማዳበሪያ ውስጥ እንሥራ እያልኩ ነው።

ውኃውስ? በድሬ ውኃ በወረፋ ነው፣ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ኮምፖስት ግን ንጹሕ ውኃ አይጠይቅም፤ ሩዝና አትክልት የታጠበበት፣ ሳሙና ያልነካው ይበቃዋል። በእጅ ሲጨበጥ ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ዋናው ነገር ከፀሐይ መሸፈኑ ነው። ፀሐይ ላይ የተተወ ፍግ በሳምንት ይደርቃል፤ ደረቀ ማለት ግን በሰለ ማለት አይደለም። ሰዎቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደርቆ ሽታው ሲጠፋ በስሏል ይሉና አበባው ሥር ያደርጉታል፣ ውኃ ሲነካው ትኩስነቱ ይመለሳል።

መብሰሉን በምን እናውቃለን? ሙቀቱ ይወጣል፣ በጠጡ ከገራባው አይለይም፣ ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ይሆናል። ላላመነ ደግሞ ፌጦ አለለት። የዓለም ላቦራቶሪዎች የኮምፖስትን መብሰል የሚፈትኑበት ዘር ፌጦ ነው፤ እኛ ለሆድ ቁርጠት ብለን በየቤታችን ያስቀመጥነው! አሥር ፍሬ በኮምፖስቱ ላይ፣ አሥር ፍሬ በተራ አፈር ላይ ዘርቶ ውኃ እያርከፈከፉ ጥቂት ቀን መጠበቅ ነው። የኮምፖስቱ ፌጦ ካልበቀለ ወይም ሥሩ ከጠቆረ ፍጉ ገና ጥሬ ነው፣ ይመለስ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ሳህን ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። በሽታ አምጪውንና የአረሙን ዘር ለመግደል ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት መሞቅ አለበት፤ ለዚህ ቢያንስ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ክምር ያስፈልጋል። ማዳበሪያ ጆንያ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የጆንያው ኮምፖስት በሙቀት ሳይሆን በጊዜ ነው የሚበስለው፣ ግማሽ ዓመት ይፈልጋል፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልትም አይታመንም። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ እንኳ ጥሬ ፍግ የነካው አፈር ላይ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ሰብል ለመሰብሰብ 120 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። "አበባ አይበላ፣ ምን ይጠቅማል?" ለሚሉኝ ጓደኞቼ መልሴ ከዚህ ይነሣል። አለመበላቱ ነው ጥቅሙ። አንዲት እናት ኮምፖስት መሥራት ስትለማመድ የመጀመሪያዋን ጆንያ ልጆቿ በሚበሉት ሰላጣ ላይ ከምትሞክረው በአበባዋ ላይ ትሞክረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእናቶቹ የመጣ ነው፣ ከበድ ይላል። ግቢው ይሰገድበታል፣ ይተኛበታል፣ ሙሽራ ይዳርበታል፤ ፍግ እዚህ አይገባም ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ዝንብና ሽታ ይዞ የሚመጣ ትምህርት ትምህርት አይደለም። ዝንብ የምትፈለፈለው ግን ትኩስና ክፍት ፍግ ላይ ነው። መፈርፈሩና መቀላቀሉ በፍየሎቹ በረት በኩል ይሁን፣ አፉ በካርቶን ይከደን፤ ወደ ግቢ የሚገባው አፈር ከሆነ በኋላ ነው። ዛሬ ትኩሱ በጠጥ አበባ ሥር ተቆልሎ ዝንብ እየወረረው አይደል እንዴ? እኔ ያልኩት ከዚያ ይሻላል።

ዩሪያ ገዝቶ መበተን ይቀላል የሚሉም አሉ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በአንድ ጀሪካን አፈር ላይ ግማሽ ማንኪያ ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ አፈሩን ደግሞ አያለሰልስም፣ ውኃም አይዝለትም። የድሬ አሸዋማ አፈር ከምግብ በላይ የሚርበው ውኃ የሚይዝለት ነገር ነው። የበሰለ ፍግ ይህን ያደርጋል። አጠቃቀሙም ቢሆን ልክ አለው፤ ለአይሪስና ለግላዲዮለስ ከሥሩ በታችና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ተቀላቅሎ፣ ግንዱ ጀርባ ላይ ሳይጫን፣ በዓመት አንድ ሁለቴ እፍኝ እፍኝ። ጎረቤታችን ከአምስቱ ቁራጭ አንዷ ጫፍ ደህና ነበረች፤ ቆርጠን፣ ሁለት ቀን በጥላ አድርቀን፣ በዚህ ዓይነት አፈር ተከልናት። ስድስት ቅጠል አውጥታለች። አላበበችም፣ ላታብብም ትችላለች። አልበሰበሰችም ግን።

የተጣለው ፍግስ? ደጫቱ አሸዋ ነው። በአሸዋ ላይ የተጣለ ነገር ወደ ታች ይሄዳል፣ ታች ያለው ደግሞ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በከተማችን በተደረጉ ጥናቶች በአንዳንድ ጉድጓዶች ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ተገኝቷል። ዋናው ምንጭ መጸዳጃ ጉድጓዱ ነው፣ ፍየሎቹን ብቻ አልከስም፤ ግን የእነሱም ድርሻ አለበት። ናይትሬት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በጡጦ የሚያድግ ሕፃንን ነው። ጎርፍ ሲመጣም የተጣለው ሁሉ ይመለስብናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደጫቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ ይህ ወንዝ ባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ለድሬ ልጅ አይነገርም፣ አቦ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት ምክንያት በየከተማው ዶሮና ላም የሚያረባው ሰው እየበዛ ነው፤ ፍጉም አብሮ ይበዛል። እኛ ግን የኮምፖስት ፕራክቲካላችንን የምንሠራው በአጥር በተከለለ ማሳ ላይ፣ ተመርጦ በመጣ የላም እበት ነው። ፎቶ እንነሣለን፣ ሪፖርት እንጽፋለን፣ ክምሩ ሳይገላበጥ ሴሚስተሩ ያልቃል። እኔ የምለው፣ የሚቀጥለው ዓመት ፕራክቲካል መጋላ ግቢ ውስጥ ይሁን። አሥር ቤት ብቻ እንምረጥ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ተማሪ። ሦስት ጆንያ፣ አንደኛው በጠጥና ገራባ፣ ሁለተኛው በጠጥና ካርቶን፣ ሦስተኛው በጠጥ ብቻ። ስድስት ወር እንጠብቅ፣ ከዚያ ግላዲዮለስ እንትከልበት፤ ኮርሙ ይበስብስ ወይ ይብቀል እናያለን። ግማሽ ዓመት ከአንድ ሴሚስተር ይረዝማል የሚል መምህር ካለ፣ ሥራውን 2ኛ ዓመት ጀምሮ ለ3ኛ ዓመት ማስረከብ ይቻላል።

ወጪው ምንድን ነው? ጆንያው ያረጀ ይሁን፣ ካርቶኑ በነፃ ነው፣ በጠጡን የሚከለክለን የለም። የሚገዛው የግላዲዮለሱ ኮርም ብቻ ነው። ቤቶቹን ማነጋገር እኔና ሁለት የመጋላ ልጅ የሆኑ ጓደኞቼ እንችላለን፣ ሦስቱ ከወዲሁ እሺ ብለዋል። ፌጦውን ከቤት አመጣለሁ።